አጣሪው ሌንስ እስኪገዛ

በየቤተሰቡ አንድ አጣሪ አይጠፋም። ጃንጥላ ሊገዛ ወጥቶ፣ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ በስብሶ ባዶ እጁን የሚመለስ፤ ግን ስለ ጃንጥላ ዘንግ፣ ስለ ጨርቁና ስለ እጀታው አፍዎን አስከፍቶ ሊያስተምርዎ የሚችል ሰው ነው። ንፉግ ነው ብለው እንዳይሳሳቱ። ሰነፍም አይደለም፤ እንዲያውም እንደ እሱ የሚደክም የለም። ችግሩ፣ አንዲት ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ዕቃዋ በዓለም ላይ ካሉት መሰሎቿ ሁሉ እንደምትሻል ማረጋገጥ አለበት። መሰሎቿ ደግሞ በየወሩ ይወለዳሉ።

የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ ያገባችው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ባሏ ፎቶ አንሺ ነው፤ የሚያነሳውም ለኪራይና ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶችን ነው። እሷ «ክቡር አጣሪ» ትለዋለች። ስሙ ከቤት ወጥቶ ሰፈር፣ ከሰፈርም አልፎ ደላሎቹ ዘንድ ደርሷል። ምንም ቢጠይቁት መልሱ አንድ ነው፦ «ቆይ፣ ገና አላጣራሁም።»

በተጋቡ ሰሞን ፍሪጅ ለመግዛት አብራው ወጥታ ነበር። ክቡር አጣሪ በየመደብሩ እየገቡ፣ እንደ ሐኪም ጆሯቸውን ፍሪጆቹ ጎን ላይ እየለጠፉ ትንፋሻቸውን አዳመጡ። አንዱ ያቃስታል፣ አንዱ ያንኮራፋል፣ አንዱ ደህና ሲተነፍስ ቆይቶ ድንገት ይስላል። ጤነኛ ፍሪጅ እስኪገኝ ድረስ የቤቱ ወተት ጎረቤት ሲያድር ከረመ። ሚስትየው ተናድዳ፣ እኔንስ ስታገባ አጣርተህ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችው። ጥቂት አሰበና፣ እሷን ያየ ቀን ማጣራት የሚባል ነገር ጨርሶ እንደጠፋበት በሐዘን ነገራት። ከዚያ ወዲያ ስለ ፍሪጁ ብዙም አልጨቀጨቀችውም።

ሌንሱ ግን ከፍሪጁ ባሰ።

ካሜራው መካከለኛ ነው። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር የሚሉት ነገር ከትልልቆቹ ካሜራዎች ያነሰ ስለሆነ፣ ሌላው ላይ ሰፊ የሚባል ሌንስ እሱ ላይ ሲገጠም ዳርና ዳሩ ተቆርጦ ጠባብ ሆኖ ያርፈዋል። ስለዚህ ክቡር አጣሪ አንድን ክፍል ሙሉውን ለማሳየት ወደ ኋላ ማፈግፈግ አለባቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ ሁልጊዜ ግድግዳ አለ። መስኮት ላይ ተንጠልጥለው አንስተዋል። የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ቆመው አንስተዋል። በር ከማጠፊያው ነቅለው ኮሪደር ላይ ቁጢጥ ብለው አንስተዋል። አንድ ጊዜ የአንድ ቤት ባለቤት አክስት ካፖርታቸውን ሊሰቅሉ ቁምሳጥኑን ቢከፍቱ፣ አጣሪው ካሜራውን ታቅፎ እውስጡ ተጣጥፎ ተቀምጧል። በትህትና ሰላም አላቸውና፣ ብርሃኑ ስላስቸገረው አንዱን በር መለስ እንዲያደርጉለት ለመናቸው። ሴትየዋ መለስ አደረጉለት፤ ሌላ ምን ያድርጉ።

ይህን ሁሉ ደክሞም ሥራው ጎዶሎ ነው። ደላላው ይደውልና፣ መኝታ ቤት አንሳ ብዬ ትራስ አነሳህልኝ ይለዋል። ሁለት መስኮት ያለው ሳሎን በእሱ ፎቶ ላይ አንድ ተኩል መስኮት ይኖረዋል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ካሜራ ተብሎ የተሠራ እጅግ ሰፊ ዙም ሌንስ መግዛት። ገንዘቡ ከተቀመጠ ቆይቷል። የቀረው ማጣራቱ ነበር።

ለዚህ የታደለችው አንዲት የካሜራ ሱቅ ናት። ባለሱቋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ ሴት ናት። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ደንበኛ ተቀበለችው፤ ቀጥሎ በርጩማ አቀረበችለት፤ ኋላማ ምሳ ስትወጣ ሱቁን ለእሱ ትታለት መሄድ ጀመረች። ለእሱ ካሜራ የሚሆኑ ሦስት ሌንሶች ነበሯት። አንደኛው ብርሃን እንደ ልብ ያስገባል፤ ግን እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ዙሙም ቢሄድ ቢሄድ ከደጃፍ አያልፍም። ሁለተኛው ከሁሉ ይሰፋል፤ ግን መስታወቱ እንደ ፈጠጠ ዓይን ወደ ፊት ስላበጠ፣ ፊቱ ላይ የሚገጠመውን ማጣሪያ አይቀበልም። ማጣሪያ የማይቀበል ዕቃ ደግሞ አጣሪ እንዴት አድርጎ ይቀበላል። ሦስተኛው ቀላል ነው፣ የእጅ መንቀጥቀጥንም ይችላል፤ ግን ደብዛዛ ብርሃን ላይ ይሰንፋል፣ አካሉም ፕላስቲክ ነው።

ሌላ ገዢ ሲመጣ ባለሱቋ ወደ በርጩማው ትጠቁመዋለች። የሠርግ ፎቶ አንሺው በእሱ ምክር ገዛ። የጋዜጣው ባልደረባ ገዛ። ሸለቆና ገደል እያነሳ የሚውለው ጡረተኛም ገዝቶ፣ ሌላ ቀን ተመልሶ መርቆት ሄደ። መካሪው ግን ያው በርጩማው ላይ ነው። አማቱ ይህን በሰሙ ቁጥር «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» ይሉታል። እሱም እጅ ነስቶ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ እማማ» ይላቸዋል።

ኋላ ግን የእኚሁ የአማቱ ቤት ጉዳይ መጣ። አሮጊቷ ደረጃው አቅቷቸው ቤታቸውን ሸጡና፣ ልጃቸውና አጣሪው ዘንድ ሊገቡ ሆነ። የገዛው ሰው አፍርሶ እንደ አዲስ ሊሠራው ነው። እሳቸው አላለቀሱም፣ አልተማረሩም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ልጆቻቸው ሁሉ እዚያች ሳሎን ውስጥ፣ ሟች ባላቸው በእጃቸው የመቱት የእንጨት ኮርኒስ ጭምር፣ በአንድ ፎቶ እንዲነሱላቸው።

ሚስትየው ያቺን ሳሎን ታውቃታለች። ጠባብ ናት፣ ዕቃ ይበዛባታል፤ እዚያ ከተነሱት ፎቶዎች አንድም ሙሉ የለም። አንዱ ላይ የታናሽ ወንድሟ ትከሻ ይጎድላል፣ አንዱ ላይ የእናቷ እግር። ኮርኒሱማ አንድም ቀን አልታየም። ከሁሉ የምትጎድለው ደግሞ ታላቅ እህታቸው ናት፤ ሁሉም እትዬ ነው የሚሏት። በቤቱ አልበም ውስጥ እትዬ በእጅጌዋ ብቻ የምትታወቅ ሰው ናት። ሚስትየው ይህን ሁሉ የክፍሉ ጥበት ያመጣው ነው ብላ ታምን ነበር።

ቤቱን የማስረከቢያው ጊዜ ተቃረበ። አጣሪው አሁንም አላጣራም። ሚስትየውም ከሥራ ቀደም ብላ ወጣችና ወደ ሱቋ ገሰገሰች፤ ሦስቱን ሌንሶች አስቀርባ፣ ዓይኗን ጨፍና አንዱን ልታነሳ። ባለሱቋ ሰምታት ስታበቃ መነጽሯን አወለቀች።

«ከሦስቱ የትኛው እንደሚሻለው ካወቀ እኮ ቆይቷል» አለቻት። «እሱን የያዘው ሌላ ነገር ነው።»

ወደ ግድግዳው ሰዓት አመለከተቻት። ክብ፣ ተራ የሱቅ ሰዓት ነው። ባሏ እየመጣ በየሌንሱ የሚያነሳው እሱን ነበር፤ ሁልጊዜም ሰዓቱን ከፎቶው ጫፍ ላይ እያደረገ። መሃል ላይ ሲሆን ክብ ነው፣ ጫፍ ላይ ሲሆን ተለጥጦ እንቁላል ይመስላል። ባለሱቋ ሰልችቷት፣ ምናለ ሰዓቱን መሃል ብታደርገውና ብንገላገል ብትለው፣ የሚስቴ እህት የምትቆመው ጫፍ ላይ ነው አላት።

ሚስትየው የቀረበላትን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

እትዬ ድሮ ታማ ነበር። በሽታው ሲለቃት የፊቷን ግራ ጎን ትንሽ አውርዶት ሄደ፤ የአፏ ጥግና የዓይኗ ሽፋን ዘንበል እንዳሉ ቀሩ። ስለዚያ ነገር ቤቱ ውስጥ አይወራም። እሷም አታወራም፤ ካሜራ ሲመጣ ግን ሻይ ልጣድ ትላለች፣ ወይም ዳር ሄዳ ግማሽ ሰውነቷን ከበሩ ኋላ ታደርጋለች። የእናቷ ልጅ ሆና ሳለ ሚስትየው ይህን አላስተዋለችም። ቁምሳጥን ውስጥ የሚቀመጠው ሰውዬ ግን በካሜራው ቀዳዳ አይቶት ኖሯል።

ቤት ስትደርስ ባሏ ድንች እየላጠ ነበር። ከጎኑ ተቀምጣ ቢላ አነሳች። ጥቂት ከላጡ በኋላ፣ ስለ እትዬ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው።

«ለአንቺ ብነግርሽ ለእሷ ይደርሳል» አላት። «ከደረሳት ደግሞ የዚያን ቀን ጨርሶ አትመጣም።» ድንቹን አገላብጦ አየው። «ሰፊ ሌንስ ጫፉ ላይ ያለውን ሁሉ ይለጥጣል። አንዱ በጥቂቱ፣ አንዱ በብዙ። የማይለጥጥ ፈልጌ አጣሁ። ሰው በራሱ ፊት ተሸማቆ ዳር ቢቆም፣ እኔ ደግሞ እዚያው ላይ ጨምሬ ላጣምምበት?»

ሚስትየው ስታሾፍበት የኖረችው ሁሉ ትዝ አላት። ኋላ ቢላዋን አስቀምጣ፣ ሌንሱን አንተ ግዛ፣ እትዬን ለእኔ ተዋት አለችው።

በማግስቱ ገዛ። ቀላሉን፣ እጅ መንቀጥቀጥ የሚችለውን መረጠ፤ ብርሃኑን ከመስኮት አመጣለሁ ብሎ። እርግጥ ከደጃፍ ሁለቴ ተመልሷል፤ አንዴ ክዳኑን ሊያይ፣ አንዴ ባለሱቋን ይቅርታ ሊጠይቃት። እሷም ከመቀመጫዋ ተነስታ፣ እንደ ተመራቂ ተማሪ ጨበጠችው።

ቀኑ ደረሰ፤ ቤተሰቡ ሳሎኗን ሞላት። ዕቃው ግማሹ ተጭኖ ስለሄደ ድምፅ ያስተጋባል። አጣሪው ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አድርጎ፣ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ በቀዳዳው ሲያይ ኮርኒሱ ከዳር እስከ ዳር ገብቶለታል። ማንም ሳይሰማው ለራሱ ሳቀ።

እትዬ እንደ ልማዷ ወጥ ቤት ናት። ሚስትየው ተከትላት ገባችና በሩን መለስ አድርጋ፣ ሳትዞር ሳታዞር ዛሬ መሃል ነሽ፣ ከእማዬ ኋላ አለቻት። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ማጠቧን ቀጠለች።

«ፊቴን አታውቂውም?» አለች።

«አውቀዋለሁ። እማዬም ታውቀዋለች። የድሮውን እኮ ረስተነዋል፣ እትዬ፤ እኛ የምንናፍቀው፣ ስትዘገዪ በር በር የምናየው ይሄኛውን ነው።»

ብርጭቆው ቢጠራም እትዬ ማጠቡን አልተወችም። በዚህ መሃል አጣሪው በሩን ገፋ አድርጎ ብቅ አለ። ሁለቱን ሲያይ ሊመለስ ነበር፤ ግን ሃሳቡን ለወጠና፣ እንዲያው ስለ ዕቃ እንደሚያወራ ሰው፣ ይህ ሌንስ ጫፍ ላይ የቆመን ሰው እንደሚለጥጥ፣ መሃል ላይ የቆመን ግን ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ እንዳለ እንደሚያወጣ ለእትዬ አስረዳት። እትዬ ዞር ብላ ትክ ብላ አየችው።

«አጣርተሃል?»

«አጣርቻለሁ» አላት።

በዚያ ቤት ይህን ቃል ከአፉ የሰማ አልነበረም። እትዬ እጇን በፎጣ አደረቀች፣ ፀጉሯን በመዳፏ አስተካከለች፣ ወጥታም ከእናቷ ወንበር ኋላ ቆመች። አሮጊቷ ዞረው እንኳ አላዩም፤ እጃቸውን ብቻ ወደ ትከሻቸው አንስተው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

ጫፎቹን የሚሞላ ሰው ተፈለገ። ታክሲ የሚነዳው ታናሽ ወንድም፣ ነፋስ የሚወስደው የሚመስል ቀጭን ሰው ነውና፣ እስኪ አንድ ጊዜ እንኳ ልወፍር ብሎ አንደኛውን ጫፍ ያዘ። ሌላኛውን አጣሪው ለራሱ ወሰደው። ካሜራው በራሱ እንዲያነሳ ሞላና እየሮጠ ሄዶ ቦታው ላይ ተገተረ።

ፎቶው ታትሞ ሲመጣ እትዬ ለማየት ወደ እነሱ ቤት ጎራ አለች። አሮጊቷ አዲሱ ክፍላቸው ውስጥ ተኝተው ነበር። ሚስትየው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ኮርኒሱ አለ፣ እያንዳንዱ እንጨት ይቆጠራል። ታናሽ ወንድማቸው የተመኘውን ውፍረት አግኝቷል። ክቡር አጣሪ ደግሞ ጭንቅላታቸው እንደ ፓፓያ ወደ ጎን ረዝሞ፣ አንድ ጆሯቸው ከቤት ሊወጣ የተነሳ ይመስላል። እትዬ እሱን አይታ በሳቅ ፈነዳች፤ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር። ከዚያ ሳቋ እየበረደ ሄዶ፣ ዓይኗ ወደ መሃል መጣ። እዚያ ብዙ ቆየች።

«ይህን ልውሰደው?» አለች እትዬ በመጨረሻ። «ለእናንተ ባልሽ ሌላ ያወጣላችኋል።»

አጣሪው መጠቅለያ ወረቀት ሊያመጣላት ተነሳ። እሷ ግን አያስፈልግም ብላ ብብቷ ስር ያዘችው። ሚስትየው መስኮቱ ጋ ቆማ፣ እህቷ መንገዱን ተሻግራ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስትሄድ አየቻት። ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ፣ ፎቶውን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጋ ነበር የያዘችው።