ዜና ወይዘሮ አራት ነጥብ፣ ሐረግ የተባለውን ፊደል በጥሪ ካርድ ላይ ልክ እንዳስገባች

አሮጌው ማተሚያ በክብር ተሰናብቶ አዲሱ በመንበሩ በተቀመጠ በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ባለቀለም ማተሚያ፣ ነገርን ሁሉ ቋጭታ ስለምትዘጋ ሰፈሩ አራት ነጥብ ብሎ የሰየማት፣ እጀ ፈጣን፣ ዓይነ ንስር፣ ዐቃቢተ ፊደላት፣ የማተሚያ ቤቱ ጸሐፊ በኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ሳለ፣ የአንዲት ሙሽራ አክስት የሰርግ ጥሪ ካርድ ሊያሳትሙ በሠራዊታቸው ታጅበው ደረሱ። የተከተሏቸውም እሊህ ናቸው፦ ምንም ያልተጠየቀችው ሙሽራ፣ ሁሉን የሚያውቁ ሁለት የአጎት ሚስቶች፣ ስልኩን ሲነካካ ከበሩ ጋር የተጋጨ ሚዜ፣ በስተኋላም ወንበር ፍለጋ ዓይናቸው የተንከራተተ የሙሽራው አባት።

አክስትየዋም ከፊደል ቅርጽ ናሙናዎቹ መካከል ሐረግ የተባለውን አይተው ልባቸው ቀለጠ። እርሱስ በእውነት ውብ ነበር፤ በብዕር የተጻፈ ይመስላል፤ አንገቱ ቀጭን፣ ወገቡ ሙሉ፣ ጅራቱ ዞሮ የጎረቤቱን ፊደል ያቅፋል፤ ለሙሽራ ስም፣ ለሽቶ ብልቃጥ፣ ለኬክ ጀርባ የተፈጠረ። ወይዘሮ አራት ነጥብ ለማስጠንቀቅ ጣቷን ብታነሳ፣ አክስትየዋ አወጁ፦

«ከላይ እስከ ታች ሐረግ ይሁን! ቁም ፊደል የመብራት ቢል ያስመስልብናል!»

ታዘዘች። ወእምዝ ናሙናው ትኩስ ትኩሱን ሲወጣ፣ የሙሽራው አባት መነጽራቸውን ወልውለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ ነገር ግን የ«ሰ» ሹል ራስ በጥምዝምዙ ተድቦልቡሎ «በ» መስሎ ኖሮ፣ «ተገኝተው አብረውን ይደሰቱ» የሚለው «አብረውን ይደበቱ» ሆኖ ተሰማ። አባትየውም እስከ ጆሯቸው ቀልተው አወጁ፦

«የልጄ ሰርግ የሚያስደብት ከሆነ ካርዱም ይቅር፣ ሰርጉም ይቅር!»

ወይዘሮዋን ሳቅ ሆዷ ውስጥ ይታገላት ነበር፤ «ብያችሁ ነበር» የሚለውም ቃል ከከንፈሯ ደርሶ ነበር፤ ዳሩ ግን ሙሽራይቱ የቦርሳዋን ማንገቻ እየጠመዘዘች፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ አየችና ሆዷ ባባ። ስለዚህ ተነሥታ፣ ወንበሯን ለአባትየው ለቅቃ፣ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አባቴ፣ ይቀመጡ! ሐረግ በሙሽሮቹ ስም ላይ ይንገሥ፤ ቀኑና ሰዓቱ፣ አዳራሹና ደስታው ግን በቁም ፊደል ይተዳደሩ!»

ቆማም ጻፈች። ሁለተኛው ካርድ ሲወጣ ስሞቹ እንደ ሐር ክር ከላይ ተንሳፈፉ፤ ቁም ፊደላቱም ከሥራቸው እንደ ዘብ ተሰለፉ። አባትየው አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ አነበቡ፤ «ይደሰቱ» ላይ ሲደርሱ ጣፍጧቸው ደገሙት። ሙሽራይቱ እፎይ አለች። አክስትየዋ ግን ካርዱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው «እኔ ነኝ የመረጥኩት!» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ አወጁ፤ ወይዘሮዋም ሰማች፣ ምንም አላለች፤ ይህችም ዝምታ ከድሎቿ ሁሉ በለጠች።

ሐረግን በወሰኑ ያነገሠች፣ ሰዓትን ከጥምዝምዝ ያዳነች፣ ሁለት ቤተ ዘመድ በአንዲት ፊደል ከመለያየት የታደገች፣ ስሟ በደማቁ ይጻፍ! ጣቶቿ አይዛሉ፤ ቀለሟ አይንጠፍ፤ አክስቶችም በየተራ እንጂ ባንድ ቀን አይምጡባት።