በፓስት ፐርፌክት የተገለበጠ መኪና

[1977 ዓ.ም.፣ መካኒሳ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት በር ላይ። ሾፌሮች ለእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ተሰልፈዋል። ወጋየሁ ደብተር ታቅፏል፤ ጎረቤቱ ጉርሜሳ እጁን ኪሱ ከቷል።]

ወጋየሁ፦ አይደለም አልኩህ! ያለፈ ሁሉ እኩል አላለፈም!

ጉርሜሳ፦ ትናንት ምሳ በላሁ። አለፈ አይደል?

ወጋየሁ፦ ሆድህ ውስጥ ገና ካለ ፐርፌክት ቴንስ ነው።

ጉርሜሳ፦ ስድስት ወር ያለ ሥራ ተቀምጬ ምን ሆድ አለኝ? ዛሬ ካልተቀጠርኩ ልጆቼን ምን እንደማበላ አላውቅም። ይልቅ ፈረንጁ ምን ይጠይቀኛል?

ወጋየሁ፦ "ሀቭ ዩ ኤቨር" ብሎ ይጀምራል። "በሕይወትህ አንዴ እንኳ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?" ማለት ነው።

ጉርሜሳ፦ [ደንግጦ] ይሄማ የቀበሌ ጥያቄ ነው!

ወጋየሁ፦ የምን ቀበሌ?

ጉርሜሳ፦ የሕይወት ታሪክ ቅጽ ስንሞላ! "ከስብሰባ ቀርተህ ታውቃለህ? የውጭ ሬዲዮ ሰምተህ ታውቃለህ?" ሁሉንም "በጭራሽ!" ብዬ ነው ዛሬ እዚህ የቆምኩት። በእንግሊዝኛ ምንድነው?

ወጋየሁ፦ "ኔቨር"። ግን እንዳትለው! አጭር መልስ የመሃይም ነው። ዓረፍተ ነገሩን ዘርጋው፣ ሰዋስውህን አሳየው። ደግሞ አንተ ብሎ በጭራሽ! ቄራ ጋ ከገለበጥከው መኪና በለቀመው ሽንኩርት ሰፈሩ ወር ሙሉ ወጥ ሠርቷል።

ጉርሜሳ፦ [ግራ ቀኝ እያየ] ኧረ ቀስ በል!

[ተጠርቶ ይገባል። ወዲያው ይወጣል።]

ወጋየሁ፦ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየህም!

ጉርሜሳ፦ ወረቀቶቼን አየ፣ አራት ጊዜ "ሀቭ ዩ ኤቨር" አለኝ፣ አራት ጊዜ "ኔቨር" አልኩት።

ወጋየሁ፦ ወይ አንተ! ቆመህ ተማር እንግዲህ።

[ይገባል። ብዙ ቆይቶ ፊቱ አመድ መስሎ ይወጣል።]

ጉርሜሳ፦ ዘረጋኸው?

ወጋየሁ፦ "መኪና ገልብጠህ ታውቃለህ?" አለኝ።

ጉርሜሳ፦ አንተን? ከሁለተኛ ማርሽ አልፈህ የማታውቀውን?

ወጋየሁ፦ "ኖ" ብዬ ዝም ልበል? ሦስት ወር የለፋሁበት ፓስት ፐርፌክት ደብተር ውስጥ ይቅር? እሱ ደግሞ ሁለት ያለፈ ነገር ይፈልጋል፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ተከትሎ።

ጉርሜሳ፦ እና?

ወጋየሁ፦ "መኪናውን ከመገልበጤ በፊት አረቄ ጠጥቼ ነበር" አልኩት።

ጉርሜሳ፦ ዋቃ ኮ! አንተ እኮ ጠላ እንኳ የማትቀምስ ጴንጤ ነህ!

ወጋየሁ፦ [ግራ ቀኝ እያየ] ኧረ ቀስ በል!

ጉርሜሳ፦ ምን አለህ ታዲያ?

ወጋየሁ፦ ተነስቶ ጨበጠኝ። "እንግሊዝኛህ እንከን የለውም" አለና በሩን ከፈተልኝ።

ጉርሜሳ፦ ልትገባ?

ወጋየሁ፦ ልወጣ።

[ዘበኛው ብቅ ብሎ ለጉርሜሳ የጭነት መኪና ቁልፍ ይሰጠዋል።]

ወጋየሁ፦ ቆይ... ሰክረህ ነድተህ፣ ነዳጅ ሸጠህ፣ ሰው ገጭተህ፣ መኪና ገልብጠህ... አራቱም "ኔቨር" ነበር የሚፈልጉት! ጉርሜሳ፣ በናትህ፣ ለእኔ ብቻ እውነቱን ንገረኝ። የሽንኩርቱን መኪና አልገለበጥክም?

ጉርሜሳ፦ [ቁልፉን ኪሱ እየከተተ] በጭራሽ! እሱን የገለበጥከው አንተ ነህ፤ ፈረንጅ ፊት ቃልህን ሰጥተሃል።