ዲጄ ነጎድጓድ በሁለት ሙቀጫ መካከል

ባለፈው እሑድ፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ እንዳሻው ሕልም አየ።

እንዳሻው በየግድግዳው የሚለጠፈው ስሙ «ዲጄ ነጎድጓድ» ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያጫውት ሰው የሚወድለት እጁን ነበር፤ ሁለቱንም ወደ ሰማይ ሲዘረጋ ሜዳ ሙሉ ሕዝብ አብሮት ይዘረጋል። የቀረውን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው። የሁለት ዘፈን ምት እኩል የምታደርግ አንዲት ቁልፍ አለች፤ እሷን አንዴ ይጫናል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ላብ እስኪያጠምቀው የሚያሽከረክራቸው ማዞሪያዎች ከምንም ጋር የተገናኙ አልነበሩም። ይህን የሚያውቁት እሱና ፈጣሪው ብቻ ነበሩ፤ ኮምፒውተሩን ካልቆጠርነው።

በሕልሙ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ እትዬ ብርቅነሽ ነበሩ። በእውኑ ዓለም እኒህ ሴት «ቀንስ!» እያሉ ግድግዳውን በዘነዘና የሚደበድቡ ናቸው። አሁን ግን ነጠላቸውን አደግድገው ቆመዋል።

«እባክህ ልጄ፣ ድምፁን ጨምርልን። የልጅ ልጆቼን ጸጥታው እያስበረገጋቸው እንቅልፍ አጡ።»

«ምን ያህል ልጨምር?»

«ግድግዳው እስኪወድቅ ነዋ!»

ጨመረ። ግድግዳው ወደቀ። እትዬ ብርቅነሽ መርቀውት ሄዱ፤ እሱም በወደቀው ግድግዳ በኩል ሲወጣ ራሱን ታክሲ ውስጥ አገኘው።

ተሳፋሪው ሁሉ በየወንበሩ መሪ ይዞ ይጠመዝዛል። መሪ ያልያዘው ሾፌሩ ብቻ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ እጁን ያወዛውዛል።

«መኪናውን ማን ነው የሚነዳው?» አለ እንዳሻው።

«መንገዱ» አለ ሾፌሩ።

«አንተስ?»

«እኔማ ግርማ ሞገስ ነኝ። እጅ ወደ ላይ!»

ተሳፋሪው መሪውን ለቅቆ እጁን አነሣ። ታክሲው ገደል ገባ። የገደሉ ሥር የኮንሰርት ሜዳ ነበር።

በሩ ላይ ጥበቃዎቹ አልገባም የሚለውን ሰው ሁሉ በብብቱ እያነሡ በአጥሩ ላይ ወደ ውስጥ ይወረውራሉ። የተወረወረው በቀጥታ መድረኩ ላይ ያርፋል። አምስት ሺህ ሰው መድረኩ ላይ ተደርድሮ፣ ባዶው ሜዳ ላይ የቆመው እንዳሻው ብቻ ነበር። ድምፅ ማጉያዎቹ ጆሯቸውን በጥጥ ደፍነዋል።

ከዚያ የገዛ ኮምፒውተሩ በሁለት እግሩ ቆሞ ከመጋረጃው ኋላ ብቅ አለ። የወርቅ ሐብል አጥልቋል። ሽፋኑን ከፈት ከደን ባደረገ ቁጥር ሕዝቡ ራሱን ይስታል።

«ስማ እንዳሻው፤ ዐሥራ አንድ ዓመት እኔ ሠራሁ፣ አንተ እጅህን አነሣህ። ዛሬ እንቀያየር።»

«ጌታዬ፣ ያለ እርስዎ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ እንዳሻው። ኮምፒውተሩን አንቱ ማለቱ ለራሱም ገረመው።

«እኛም ማየት የፈለግነው እሱን ነው።»

ሁለት ሙቀጫ መጣ። በአንዱ እትዬ ብርቅነሽ፣ በሌላው እኅታቸው እትዬ አመለወርቅ በርበሬ መውቀጥ ጀመሩ። አንዷ ይቸኩላሉ፣ አንዷ ይጎተታሉ። ትእዛዙ አጭር ነበር። ሁለቱን ዘነዘና ያለ ቁልፍ፣ በጆሮው ብቻ፣ አንድ ምት ላይ ያገጣጥም። ካቃተው ከእንግዲህ ዲጄ መባሉ ቀረ።

እንዳሻው ቁልፏን ፈለገ። ኪሱን ዳበሰ፣ መሬቱን ዳበሰ። ሲጨንቀው የእትዬ ብርቅነሽን ትከሻ በጣቱ ጫን አደረገ።

«ምን ትነካካኛለህ? ስማ እንጂ!»

ሰማ። መጀመሪያ ትርምስ ብቻ ነበር። የበርበሬው ብናኝ ሲያቃጥለው ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲጨፍን ካሴት ቤት የተቀጠረበት ዘመን መጣበት። በሁለት ቴፕ መካከል ተቀምጦ፣ የካሴቱን ጥርስ በጣቱ ያዝ ለቀቅ እያደረገ ዘፈን ከዘፈን ያገጣጥም ነበር። ያኔ ስም አልነበረውም፤ ጆሮ ግን ነበረው።

«እትዬ ብርቅነሽ፣ ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ... እትዬ አመለወርቅ፣ እርስዎ ፈጠን... ገና ነው... አሁን!»

ዱም። ዱም። ዱም። ሁለቱ ዘነዘናዎች እንደ አንድ ልብ መቱ። እንዳሻው ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ነዘረው። እንባው ወረደ፤ በርበሬው ነው እንዳይባል በርበሬውን ረስቶታል። ዲጄ ነጎድጓድ ከተባለ ወዲህ የራሴ የሚለው ምት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ቀና ሲል ሕዝቡ ያዛጋል።

«እጁን እኮ አላነሣም!» አለ አንዱ።

«ስሙት እንጂ! እባካችሁ አንድ ጊዜ ስሙት!» ብሎ ለመነ እንዳሻው።

«ለመስማት ማን መጣ? ለማየት ነው የመጣነው!»

ኮምፒውተሩ ሽፋኑን ከፈት አደረገ። አምስት ሺህ ሰው አበደ። ጩኸቱ ሲበርድ ኮምፒውተሩ ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርድ ሰጠ፤ «ይህ ሰው መድረክ ፊት ሲሠራ እጅ ከፍንጅ ተይዟል። ግድግዳ ላይ ይለጠፍ!»

ሙጫና ብሩሽ የያዙ ሰዎች ከበቡት።

«ሰው ነኝ እኮ! ፖስተር አይደለሁም!»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለ ብሩሽ የያዘው፣ ከልቡ ለማወቅ ፈልጎ።

ቀዝቃዛው ሙጫ ግንባሩ ላይ ሲያርፍ ነቃ።

ግንባሩ ማጫወቻው ላይ ተደፍቷል። ቢሾፍቱ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፤ ፊት ለፊቱ ሦስት ሺህ ሰው። ጥቁር መነጽሩን እንዳደረገ፣ በክርኑ ተደግፎ፣ በሥራው መካከል መድረክ ላይ ቆሞ አንቀላፍቶ ኖሯል። ኮምፒውተሩ ዘፈን ከዘፈን እያገጣጠመ ሃያ ደቂቃ ቀጥሏል። እንቅልፍ ራሱን ወደ ታች ወደ ላይ ሲያደርገው ሕዝቡም አብሮት ሲነቀንቅ ቆይቷል። ግንባሩ ሲደፋ የነካው ቁልፍ ሙዚቃውን ቀጥ አድርጎ አቁሞ መልሶ ሲያፈነዳው ሜዳው ተናወጠ።

የዝግጅቱ ኃላፊ ፌቨን ዓይኗ እንባ አቅርሮ እጅጌውን ያዘችው። «እንዳሹ፣ እንደ ዛሬ ሆነህ አታውቅም! ያቺን የግንባር ነገር ድገማት!»

እንዳሻው ሕዝቡን አየ። ማይኩን አንሥቶ እውነቱን ተናገረ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ። ተኝቼ ነበር።»

ሦስት ሺህ ሰው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ አንድም ምት ሳይስት ተቀበለው፤

«ተኝቼ — ነበር! ተኝቼ — ነበር! ተኝቼ — ነበር!»