ኑርሁሴን ሳይጠይቅ ቴብል አይሰረዝም

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ሌላው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሊጥል ሲነሳ «ቆይ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የተሰበረ ወንበር ሊወጣ ሲል እንኳ «ማን ይቀመጥበት ነበር?» ብሎ በር ላይ ይቆማል። እናንተ ዘንድ ስሙ ሌላ ይሆናል። እዚህ ከሚሴ፣ እኛ ቢሮ፣ ክቡር ኑርሁሴን ይባላል፤ የዳታቤዝ ባለሙያ፣ የቴብሎች ጠበቃ፣ የቪዎች ሁሉ አጎት። እኔም የዳታቤዝ ባለሙያ ነኝ። ይህን የምጽፈው እየቀናሁ መሆኑን ከወዲሁ ልናገር፤ ኋላ ደርሳችሁበት እንዳትታዘቡኝ።

ሥራችን የከብት ገበያ ዋጋ ነው። ከባቲና ከሰንበቴ የፍየሉ፣ የግመሉ፣ የበሬው ዋጋ በየሳምንቱ ይላክልናል፤ እኛ ዳታቤዝ ውስጥ እናስገባዋለን። ዋጋው የሚቀመጥበትን ትልቁን ቴብል፣ ማለትም ሰንጠረዡን፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። በዚያ ቴብል ላይ ቪዎች ተሠርተዋል። ቪው ማለት መስኮት ነው፤ የራሱ የሆነ ዳታ የለውም፣ ቴብሉ ውስጥ ካለው መርጦ ያሳያል። በአንዱ መስኮት ላይ ሌላ መስኮት ይሠራል፣ በዚያም ላይ ሌላ። ታች ያለውን ቴብል ያፈረሰ ሰው ከላይ ያሉትን መስኮቶች ሁሉ ያጨልማል። ዳታቤዙም ይህን ያውቃል፤ ቴብሉን ልሰርዝ ሲሉት «የተደገፉበት አሉ» ብሎ እምቢ ይላል። ካስኬድ የምትባል ቃል ከጨመሩለት ግን እምቢታውን ይተውና ቴብሉንም የተደገፉትንም አንድ ላይ ጠርጎ ይወስዳል።

ይቺን ቃል ሰው ሲጠራት ከሰማ ኑርሁሴን «አስተግፊሩላህ» ይላል።

ችግሩ ለእሱ የዳታቤዙ እምቢታም አይበቃውም። ዳታቤዙ የትኛው ቪው በየትኛው ቴብል ላይ እንደተደገፈ ይናገራል፤ በቪው ላይ የትኛው ሰው እንደተደገፈ ግን አይናገርም። ክቡርነቱ ይህችን ይዞ ነው አገር ምድሩን የሚያዞረን። የአንዲት ዓምድ ስም ልቀይር ካልኩ «ሱታ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለቱ ነው፤ «እሷን ማን ተደግፏታል?» ከዚያ ሂሳብ ክፍል ይሄዳል፣ ስታትስቲክስ ክፍል ይሄዳል፣ ሾፌሩን ሳይቀር ይጠይቃል። ግቢው ያለችውን ዛፍ ሊቆርጥ ሲያስብ ጥላዋ ሥር የሚያርፉትን የጎረቤት ፍየሎች ባለቤቶች አስፈቅዷል ይባላል። ፍየሎቹንም ሳያነጋግር የቀረ አይመስለኝም።

አምና ዳታቤዛችን ተዝረክርኳል ተብሎ ፈይሩዝ የሚባል አማካሪ መጣልን። ፈይሩዝ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ልጨርስ ብሎ ቸኮለ፤ ማን እንደሚጠቀምበት የማይታወቅ አንድ አሮጌ ቪው አገኘና በካስኬድ ከነተደገፉበት ሊጠርገው ተነሳ። ኑርሁሴን እጁን ኪቦርዱ ላይ ዘረጋበት። ማን እንደሚያየው ጠየቀን፤ አላወቅንም። ቪው የሚያሳየው የባቲን ዋጋ ስለነበር፣ ሰኞ ማልዶ ሚኒባስ ተሳፍሮ ባቲ ሄደ። እዚያ ወይዘሮ ዘይቱናን አገኘ። የልጅ ልጅ ያዩ ሴት ናቸው፤ ዘወትር ሰኞ ገበያው ሳይሞላ ከዚያ ቪው የወጣውን ዋጋ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ። ከአፋር በኩል ፍየሉን እየነዳ የመጣ ሰው መጀመሪያ ሰሌዳቸውን አይቶ ነው ከደላላ ጋር የሚከራከረው። ቪው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ሰሌዳው ባዶ ይሆን ነበር፣ ሰውየውም ደላላው ያለውን ተቀብሎ ይሸጥ ነበር።

ኑርሁሴን በማግስቱ በጄሪካን የግመል ወተት ይዞ ገባ። «ኡሚ ዘይቱና መርቀው የሰጡን ነው» አለ። ቢሮው ሁሉ እየጠጣ አወደሰው። እኔም ጠጣሁ። ወተቱ ግሩም ነበር፣ ጉሮሮዬ ላይ የቆመብኝ ምርቃቱ ነው። ቴብሉ የኔ፣ ምርቃቱ የሱ።

ዘንድሮ ያንን ቴብል የሚተካ አዲስ ሠራሁ፤ ወራት የለፋሁበት፣ ሙሽራ የመሰለ። አሮጌውን ልሰርዝ ስል ክቡርነቱ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አብሽሪ፣ ትሄዳለች» አለኝ። «ግን ስሟን ትታልን ትሂድ።»

በአሮጌው ስም አዲሱን ቴብል የሚያሳይ አንድ ቪው ሠራን፤ የተደገፉትንም አንድ በአንድ ወደሱ አዛወርን። እሁድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያው ቆመ፤ ለማንም ምንም አልታወቀውም። ምንም ስላልተፈጠረም ሁሉም ኑርሁሴንን አመሰገነ። እኔ ነገር ስፈጥር ማን አመስግኖኝ ያውቃል?

ከዚያ የቡድን መሪነቱ ወንበር መጣ። ኃላፊያችን አቶ አብዱልጀባር አንዳችን መሪ ሆኖ ከሚሴ እንደሚቀር፣ ሌላችን ጓዙን ጠቅልሎ ባቲ ወዳለው ቅርንጫፍ እንደሚዛወር ነገሩን። ወንበሩን ፈለግሁት፤ አጥብቄ ፈለግሁት። እሱ ባቲ ሄዶ፣ ክፍሉ ለእኔ ብቻ ሆኖ፣ የሚደውለው ሁሉ እኔን ሲጠይቅ በሐሳቤ እያየሁ ሰነበትኩ።

ረቡዕ አቶ አብዱልጀባር ጠሩኝ።

«ኑርሁሴን ቀድሞሽ መጥቶ ነበር» አሉኝ። «ባቲ እኔ ልሂድ ይላል። ሁሉም የተደገፈው እሷ በሠራችው ላይ ነው፣ እኔን የተደገፈ ሰው የለም ነው የሚለው። ወንበሩ ያንቺ ነው፣ መብሩክ።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ተቃጠልኩ። በሥራ በለጠኝ፣ በምርቃት በለጠኝ፣ አሁን ደግሞ ወንበር በመልቀቅ ሊበልጠኝ። ይቺን ግን አልዋጥኳትም።

«ዋሽቷል» አልኳቸው። «የተደገፈው ሰው አለ።»

«ማን?» አሉ ብዕራቸውን አስቀምጠው።

የቢሮውን ሰው ሁሉ በልቤ ዞርኩት፤ የምጠራው ስም አጣሁ።

«እኔ» አልኩ። «እሱ ይቅር። ባቲ እኔ እሄዳለሁ።»

አቶ አብዱልጀባር በሥራ ዘመናቸው ሰው በወንበር ሲጣላ እንጂ ከወንበር ሲሸሽ አይተው አያውቁም። ወንበሩ ላይ የሆነ ነገር ቢኖር ነው ብለው ሳይጠረጥሩ አልቀሩም። ሰንበት ብለው መሪነቱን ራሳቸው ደርበው ያዙት፤ እኛን ተራ እየገባችሁ ሰኞ ሰኞ ባቲ ደርሳችሁ ተመለሱ አሉን።

የእኔ ተራ ሲሆን ሄጄ እመለሳለሁ። የእሱ ተራ ሲሆን ክፍሉ ጭር ይላል። እጁን ኪቦርዴ ላይ የሚዘረጋብኝ የለም፤ ያሻኝን ቴብል ማፍረስ እችላለሁ። አንዷንም አልነካም። በሩን እያየሁ እውላለሁ። ወይዘሮ ዘይቱና ይህን ጊዜ አጠገባቸው አስቀምጠውት ስለፍየል ዋጋ ያወሩታል፣ እሱም ቀስ እያለ ይጠይቃቸዋል። ሰኞ ሰኞ የምቀናው በእሳቸው ነው።