የሚቀጥለው ዓመት በባጃጅ መጣ

ትናንት በምሳ ሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ከፀሐይ ሲሸሸግ፣ ክንዴን ኪቦርዱ ላይ ተንተርሼ አንድ ሕልም አየሁ። ሕልም ሳይሆን ቅዠት ነው የሚል ካለ መጥቶ ራሱ ይይልኝ።

መጀመሪያ ግን ነገሩ እንዲገባችሁ ይህን ልንገራችሁ። የኮሌጃችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ዘንድሮ ካደረገው አሥራ አንድ ግጥሚያ ሁለቱን ብቻ አሸንፎ ጨረሰ። ኮሌጁም «ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ ወይስ ይፍረስ?» ብሎ ኮሚቴ አቋቋመ። ቡድኑ ከፈረሰ በስፖርት የገቡት ስድስት ልጆች የኮሌጁን ማደሪያ ለቀው ወደየአገራቸው ነው። እኔም በሳምንት አንዴ ከዚህ ወንበር የሚያስነሳኝ ነገር አይኖረኝም። ስለዚህ እኛ ደጋፊዎቹ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት ባለችው የኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተሰብስበን፣ ሦስት ቀን ተጨቃጭቀን፣ «ቡድናችን አይፍረስ» የሚል አራት ገጽ ማመልከቻ አስገባን። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከአሥረኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የመረብ ኳስን ሕግ ግን ለኮፒ ከመጣ መጽሐፍ ላይ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። ደብዳቤ አጻጻፍ ደግሞ የባለዲግሪዎቹን ሁሉ ደብዳቤ ሳርም የለመድኩት ነው። መልስ ስንጠብቅ ትናንት ዘጠነኛ ቀናችን ነበር።

በሕልሜ ወደ ሜዳው ገባሁ። ገባሁ ስል ወጣሁ ማለቴ ነው፤ ምክንያቱም የተመልካቹ ደረጃ መሐል ላይ ነበር፣ ሜዳው ደግሞ ዙሪያውን። ስድስቱ ተጫዋቾቻችን ደረጃው ላይ ተደርድረው ኦቾሎኒ ይፈለፍላሉ። እኛ ደጋፊዎቹ ቁምጣ ለብሰን መረቡ ሥር ቆመናል። የደጋፊዎች ሊቀመንበራችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ይርዳው፣ ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደጠመጠሙ እየዘለሉ ያሟሙቃሉ።

«ጋሽ ይርዳው፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በይ ልጄ። እያዩን ነው። ስለኛ ነው የሚያወሩት።»

እውነትም ስለኛ ነበር።

«እሱስ አብቅቶለታል» አለች አምበሏ ሐረገወይን፣ ልጣጩን ወደ ጋሽ ይርዳው እየወረወረች። ሌላ ጊዜ ቢሆን አንቱ ብላ፣ ጎንበስ ብላ ነው የምታናግራቸው። «ያምና ፉጨቱ የት አለ? ጥርሱ ሲሄድ አብሮ ሄደ።»

«እሱ እንኳ ልምድ አለው» አለች ረጅሟ ዓይናዲስ። «ያስቸገረችን ያቺ ፎቶ ኮፒዋ ናት። ጭብጨባዋ ነጥቡ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው።»

«አፍ እንጂ ድምፅ የላትም።»

«ለሚቀጥለው ዓመት አታስኬድም። የሐይቁ ኮሌጅ አንዲት ደጋፊ አለቻቸው፤ ስትጮህ ዳኛው ፊሽካውን ይውጣል። እሷን ብናስመጣ ይቺን ለቀበሌ ቡድን እንለቃታለን።»

እኔ እንዲህ እየተባለ ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ወደ ላይ አንጋጠጥኩና «እናንተ! እዚያ ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነው! እስቲ ወርዳችሁ ደግፉ!» አልኳቸው።

ተያይተው ሳቁ።

«ሁሌ ይችኑ ነው የሚሏት» አለች ሐረገወይን። «ስለምንወዳችሁ እኮ ነው የምንናገረው።»

ከዚያ ኳሱ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፤ ከየት እግር እንዳወጣ ማንም አልጠየቀም። ፓምፕ ይዟል። አሠልጣኙን በጀርባው አስተኝቶ ፓምፑን እምብርቱ ላይ ሰካና ሁለት ጊዜ ነፋው። ሆዱን ጫን ጫን አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ይሄ ያፈሳል» አለ ኳሱ። «ካምና ጀምሮ ያፈሳል። ማነው ፈርሞ የተረከበው?»

አሠልጣኙ ፉሽሽ እያለ ተነሳና በአጥሩ ላይ አልፎ ሄደ። ባለቤቱ ከአጥሩ ማዶ ሆና «ራትህን ከድኜ አስቀምጥልሃለሁ!» እያለች እጇን ታውለበልብለታለች።

አጥሩን ተከትዬ ስሮጥ ቢሮ ደረስኩ። መስኮቱ ፊት የኮሌጁ ዲን ፎልደር አቅፈው ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ምክትላቸው። ከምክትላቸው ኋላ ኮሚቴው ራሱ፣ ከነጠረጴዛው፣ ከነታሸገ ውሃው፣ ሰልፉን ይዞ ይቁለጨለጫል። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ዘሪቱ ናት፤ በር ላይ ኦቾሎኒ የምትሸጠው፣ አንድ ግጥሚያ አምልጧት የማያውቅ የኛው ደጋፊ።

«ነገ ይምጡ» አለቻቸው ዲኑን፣ ሳታያቸው።

«ልጄ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችኝ።»

«በሦስት ኮፒ ነው ያመጧት?»

ዲኑ ማልቀስ ጀመሩ። ዞር ሲሉ አዩኝ። «እመቤቴ፣ አንቺ ኮፒ ቤት አለሽ አይደል? እባክሽ ድረሽልኝ። ልጆቹ ይቀጥሉ ይሆን ብዬ ልጠይቅ ነበር። ይኸው ዘጠኝ ቀኔ፣ የሚነግረኝ አጣሁ።»

አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ሰልፉን አልፌ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። «ዘሪቱ፣ ይቀጥላሉ በያቸውና ይገላገሉ።»

«የምንወስነው እኛ አይደለንም» አለች።

«ታዲያ ማነው?»

«ራሱ ይመጣል።»

«ማን?»

«የሚቀጥለው ዓመት ነዋ! ደውሎ ነበር። መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።»

የሚቀጥለው ዓመት በባጃጅ መጣ። ጣሪያው ላይ ፍራሽ አስሯል። እኔ ትልቅ ነገር፣ ቢያንስ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው፣ ጠብቄ ነበር። የወረደው ግን ጢሙን ያልተላጨ፣ አንደኛው ነጠላ ጫማው በሽቦ የታሰረ፣ ከሲታ ሰውዬ ነው። ጋሽ ይርዳው ሮጠው በሜትራቸው ለኩት።

«አጭር ነው!» ብለው ጮኹ። «እንዴትም ብንቆርጠው ለሁላችን አይበቃም!»

«ማነው የጠራኝ?» አለ የሚቀጥለው ዓመት፣ እያዛጋ።

«እኛ!» አልን። ተጫዋቾቹም ኦቾሎኒውን በትነው ከደረጃው ተንደርድረው ወረዱ።

«ሦስት ሰው ነው የምጭነው። ትራፊክ አለ።»

«ስድስት ነን እኮ» አለች ሐረገወይን። «መረብ ኳስ በስድስት ነው።»

«እኔ ሦስት ነው የምጭነው።»

ሰዉን ገፍቼ ገባሁ። «ስማኝ አንተ ሰውዬ! ቡድን ከስድስት ካነሰ አይሰለፍም፤ ሕግ ነው! ወይ ስድስቱንም ጫን፣ ወይ ዓመት ነኝ አትበል!»

ከላይ እስከታች አየኝ። «ሕጉን ማን አስተማረሽ?»

«ራሴ።»

«በይ እንግዲህ ራስሽ ምረጪ። ሦስቱን ጥሪልኝ።»

ስድስቱ ልጆች ፊቴ ተደርድረው ቆሙ። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ማን ትውጣ ማን ትግባ ሲባል አንድም ቀን መልስ አጥቼ አላውቅም። ዓይናዲስ የጫማዋን ማሰሪያ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር፤ ረጅም ሰው ስለሆነች እንባው ብዙ መንገድ ሄዶ ነው የሚወርደው።

«ስድስቱንም» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው የኮፒ ማሽን ድምፅ ነው። ሽርርር፣ ጠቅ። ሽርርር፣ ጠቅ። ከአፌ ወረቀት ይወጣ ጀመር፤ ነጭ፣ ሙቅ፣ አንድም ፊደል የሌለበት ወረቀት። በእጄ ልይዘው ብል በጣቶቼ መሐል ያመልጣል። ሐረገወይን ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳች። ባዶውን ወረቀት ከላይ እስከታች አነበበችው።

«ገባኝ» አለች።

ጫማዋን አወለቀችና አስፋልቱ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። ዓይናዲስም አንዱን አነበበች፤ «ገባኝ»፤ አወለቀች። ሦስተኛዋም። አራተኛዋም። እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ፣ በሁለት እጄ አፌን እያፈንኩ፣ «አይደለም፣ እንደሱ አላልኩም» ለማለት እታገላለሁ፤ ሽርርር፣ ጠቅ ይላል። ስድስት ጥንድ ጫማ መንገዱ ዳር ተሰለፈ። ልጆቹ በባዶ እግራቸው ወደየአገራቸው አቅጣጫ ሄዱ፤ አንዷም አልተቆጣችኝም። ቢሰድቡኝ እንዴት በወደድኩ።

የሚቀጥለው ዓመት ባጃጁን አስነሳ። ወደፊት ሳይሆን ወደኋላ ነው የነዳው፣ በመጣበት በኩል፣ አንድም ሰው ሳይጭን። ተከትዬው ሮጥኩ። ሮጬ ደረስኩበት፤ የጎኑን ብረት ያዝኩ።

«የኔ እህት፣ ሞልቷል» አለኝ፣ ባዶውን ወንበር እያሳየኝ።

መስታወት ሲንኳኳ ነቃሁ።

የቆሙት አቶ ልሳነወርቅ ናቸው፣ የኮሌጁ መዝገብ ቤት ኃላፊ። ጉንጬ ላይ የኪቦርዱ ቁልፎች ታትመዋል።

«ተኝተሽ ነበር እንዴ? የኛ ፕሪንተር ቀለም ጨርሶብናል። ይቺን ቶሎ ታይፕ አድርጊልኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መለጠፍ አለባት» ብለው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ዘረጉልኝ።

መምታት ጀመርኩ። እኔ ሳነብ ጣቶቼ ቀድመውኝ ይሄዳሉ።

«የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የተሰረዘ መሆኑን እናስታውቃለን። ውሳኔው የተደረሰበት፣ የቡድኑ ደጋፊዎች ራሳቸው ባቀረቡት ማመልከቻ ገጽ ሁለት ላይ እንደሚከተለው ባረጋገጡት መሠረት ነው፦ “አምበሏ ጉልበቷ ካለቀ ሁለት ዓመቷ ነው። ዓይናዲስ ቁመት እንጂ ዝላይ የላትም። ሰርቫቸው መረቡን የሚያልፈው መረቡ ሲያዝንላቸው ነው። በዚህ አያያዝ በሚቀጥለው ዓመት ከዚህ ቡድን አንዳች የሚጠብቅ ሰው ቢኖር መረብ ኳስ የማያውቅ ብቻ ነው።”»

ገጽ ሁለት «መሻሻል ያለበት» የሚለው ክፍል ነበር። ደጋፊ እንጂ አጨብጫቢ አለመሆናችንን ይወቁልን ብለን፣ አንዷንም ሳንምር የዘረዘርነው። ለምን እንደምንወዳቸው የጻፍነው ገጽ ሦስትና አራት ላይ ነው። ገጽ ሦስትና አራት አልተጠቀሰም።

አቶ ልሳነወርቅ በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው ስክሪኑን አዩ። «ይቺን አንቀጽ ኮሚቴው ጮክ ብሎ ነው ያስነበባት። ክርክሩን የቋጨችው እሷ ናት። ማንም ይጻፋት፣ ኳስ የገባው ሰው ነው» አሉ። «እስቲ አንዴ እያት፤ ስሕተት ካላት አርሚልኝ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

«የላትም» አልኳቸው።