በሜትር የተለካው ግማሽ ማራቶን

[የልብስ ስፌት ቤት። ሰፊው ሦስት የሩጫ ማስታወቂያዎች በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ፣ አጭሩን ሩጫ ለመምረጥ ካርታዎቹ ላይ የተሰመረውን መንገድ ይለካል። ሃያ ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ ተሳስቶ አያውቅም፤ የራሱን ግን ደፍሮ ለክቶት አያውቅም። ልብስ ተኳሹ ጥግ ላይ ካውያውን ይዞ ቆሟል።]

ሰፊው፦ አላልኩህም? የሐይቁ ሩጫ ሠላሳ ስምንት ሴንቲ፣ የዳገቱ አርባ አራት፣ የከተማው ሃምሳ ሁለት! ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?

ተኳሹ፦ ጋሼ፣ ሦስቱም ላይ እኮ «ግማሽ ማራቶን» ነው የሚለው።

ሰፊው፦ የምን ግማሽ?

ተኳሹ፦ የማራቶን ነዋ።

ሰፊው፦ የትኛው ማራቶን? የእኔ ሱሪ ግማሽና የአንተ ሱሪ ግማሽ እኩል ነው?

ተኳሹ፦ [የሰፊውን ሆድ አየት አድርጎ] ኧረ በጭራሽ!

ሰፊው፦ በቃ! ግማሽ እንደ ሙሉው ነው።

ተኳሹ፦ ግን የከተማው ወረቀት ራሱ ትልቅ ነው፣ የሐይቁ ደግሞ ትንሽ...

ሰፊው፦ ጨርቁ ስለበዛ የሰውየው እጅ ይረዝማል? ካውያህን ግፋ!

ተኳሹ፦ እሺ። [ሁለቴ ገፋ አድርጎ ቆመ] ዳገቱስ ጋሼ? ዳገት በሜትር ይለካል?

ሰፊው፦ የምን ዳገት? ይኸው በእጄ ዳበስኩት፣ ለጥ ያለ ነው።

ተኳሹ፦ እርስዎ የሚሮጡት ወረቀቱ ላይ ነው እንዴ?

ሰፊው፦ አንተ ብሎ ስለ ሩጫ ተናጋሪ! አውቶቡስ ሲያመልጥህ እንኳ ቆመህ ነው የምትሸኘው።

ተኳሹ፦ ሌላ ይመጣል ብዬ ነዋ።

ሰፊው፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስማኝ፣ ቀልድ አይደለም። ልጄ «አባቴ ይሮጣል» ብላ ለክፍሏ ልጆች በሙሉ አውርታለች። ተሰልፈው ሊያዩኝ ነው። በቃሬዛ ተጭኜ በፊታቸው ባልፍ፣ በማግስቱ በምን ዓይኗ ትምህርት ቤት ትሄዳለች?

[ፈርቷል። ለራሱ ቢሆን ኖሮ ከወንበሩም አይነሳም ነበር፤ ልጁ ስታፍር ማየት ግን አይችልም።]

ተኳሹ፦ ታዲያ የትኛውን እንደምትፈልግ ለምን እሷን አይጠይቋትም?

ሰፊው፦ የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ርቀት ምን ታውቃለች! ተወስኗል፣ የሐይቁን ነው። ሠላሳ ስምንት ሴንቲ፣ እሱንም ለቀቅ አድርጌ ለክቼው ነው። ስልኬን አቀብለኝ፣ ልመዝገብ።

ተኳሹ፦ ተመዝግበዋል እኮ።

ሰፊው፦ ማን?

ተኳሹ፦ እርስዎ። ትናንት ከራሴ ጋር አስመዘገብኩዎት።

ሰፊው፦ ከራስህ ጋር? አንተ ደግሞ ሩጫ የት ታውቅና?

ተኳሹ፦ አምና ሮጫለሁ። ካቻምናም። የሮጥኩበትን ቁምጣ ያጠበቡልኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ? «የመኝታ ነው?» ሲሉኝ ዝም አልኩ።

ሰፊው፦ [ወንበር በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ] ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ስለካ አፍህን ምን ዘጋው?

ተኳሹ፦ ደስ ብሎዎት ነበራ። ሦስቱም ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ናቸው ጋሼ።

ሰፊው፦ ሃያ ምን? ቆይ፣ የትኛው ላይ ነው ያስመዘገብከኝ?

ተኳሹ፦ ሃምሳ ሁለት ሴንቲው ላይ።

ሰፊው፦ ገደልከኝ! ረጅሙን?

ተኳሹ፦ የመረጠችው ልጅዎ ናት። በትምህርት ቤቷ በር ያልፋል። ከነጓደኞቿ እዚያ ቆማ ታይዎታለች።

ሰፊው፦ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ?

ተኳሹ፦ ሦስተኛው። «እስከዚያማ አባባ አያቅተውም፤ ከዚያ ወዲያ ቢቀመጥም ማንም አያየውም» ብላለች።

[ሰፊው ሜትሩን መልሶ አንገቱ ላይ አደረገ። ኮራ፣ አፈረ፣ መልሶ ኮራ።]

ሰፊው፦ እኔ የምለው... ሁለተኛው ላይ ብትቆም ምን ነበረበት?