«ቀድቼዋለሁ» የሚል ባል

በየከተማው ጆሮውን ያሰናበተ አንድ ሰው አይጠፋም። የሚሰማው በስልኩ ነው፣ የሚያስታውሰው በስልኩ ነው፣ የሚጣላውም በስልኩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ከተማ የለም የሚል ካለ፣ ወይ ከተማውን አያውቅም፣ ወይ ሰውዬው እሱ ራሱ ነው። ቡታጅራ የራሷን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከገበያው በላይ አምፖልና የኤሌክትሪክ ገመድ በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ፣ ክቡር አቶ ከማሉ፣ የሰው ቃል ጠባቂና የድምፅ ግምጃ ቤት የበላይ ኃላፊ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ይገኛሉ። ማዕረጉ እዚህ ላይ ይብቃቸው። ሚስታቸው ፈቲሀ «አንተ» ስለምትላቸው፣ እኛም ከእሷ ጋር ሆነን «እሱ» እንላለን።

ስልክ ለእያንዳንዱ ሰው የማይለቀው አንድ ነገር ሰጥቶታል። የፈቲሀ ጎረቤት ነዒማ መብራት ሲጠፋ የስልኳን ባትሪ ካላበራች ከመቀመጫዋ አትነሳም፤ ድሮ በዚያው ቤት፣ በዚያው ጨለማ፣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባ ነበር። ከሶዶ በኩል መጥቶ ከከማሉ ጎን ቀለም የሚሸጠው ባልቻ፣ ስልኩ ካላሰላለት ሁለት ጣሳ ከሦስት ጣሳ ጋር መደመር ትቷል። የፈቲሀ እህት ዘይባ ደግሞ መልኳን በስልኳ ሳታሳምር ፎቶ አትልክም፤ በዚህ የተነሳ ወልቂጤ ያለው እጮኛዋ መናኸሪያ ሊቀበላት መጥቶ በአጠገቧ አልፏት ሄደ። እነዚህ ሁሉ ቀላል በሽታዎች ናቸው። የከማሉ ስልክ ግን ገና ሲነሳ፣ ማንም ሳያዘው፣ ንግግሩን ከ«አሰላሙ ዓለይኩም» እስከ «ቻው» ቀድቶ ያስቀምጣል። ከማሉ ያለዚህ ነገር መኖር አይችልም። ያለ ፈቲሀ መኖር ይችል እንደሆን ገና አልተሞከረም።

ነጭ ሶኬት ያዘዘ ሰው ይመጣና «ክሬም ነው እኮ ያልኩህ» ይላል። ከማሉ አይከራከርም። ስልኩን ከጠረጴዛው ስር ያወጣና በእርጋታ «ቀድቼዋለሁ» ይላል። ከስልኩ ውስጥ የሰውዬው የገዛ ድምፅ «ነጭ፣ ነጭ» ይላል። ሰውዬው ነጩን ሶኬት ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሱቅ ይለምዳል። ባልቻም አንድ ጊዜ «እግዜር ካለ ነገ በጠዋት መጥቼ መደርደሪያውን አብረን እናነሳለን» ብሎ ቀረ። ከማሉ በማግስቱ ሰው በተሰበሰበበት አሰማበት። በዚህ አገር «ነገ እመጣለሁ» ማለት ሰላምታ እንጂ ቀጠሮ እንዳልሆነ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ባልቻ ለሰው ብሎ ሳቀ። «ሁለተኛ አልደውልልህም፤ ጎንህ ነኝ፣ የምልህ ካለኝ መጥቼ እነግርሃለሁ» አለው።

ከሁሉም የባሰ የተረታችው ፈቲሀ ናት። ከገበያ ሽንኩርት ይግዛ እንደሆን ደውሎ ሲጠይቃት «ተወው፣ አለ» ብላው ኖሯል። በማግስቱ ምሳ ላይ ወጡ አልጣፈጠውም፤ «ሽንኩርት መች ገዝተህ?» ስትለው ስልኩን አወጣ። ድምፅዋ ከሳህኑ አጠገብ ተነስቶ መሰከረባት። «ሰው ባዳ ይመሰክርበታል፤ በእኔ ግን የገዛ ጉሮሮዬ» አለች። ከዚያ ወዲህ በስልክ የምትመልስለት «እሺ»፣ «አይ» እና «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ሆነ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከማሉ እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ወልቂጤ ይነግድ በነበረበት ጊዜ አንድ የሱቅ ባለቤት በስልክ «ሱቁ ያንተ ነው፣ ዕቃህን አስገባ» አለው። ዕቃውን ጭኖ ሲደርስ ሱቁ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ አገኘው። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰውዬው ዓይኑን በጨው አጥቦ «አላልኩም» አለ። ሽማግሌዎቹ ወደ ከማሉ ዞረው «ምስክር አለህ?» አሉት። በስልክ ለተነገረ ቃል ምስክር ከየት ይመጣል? ከነዕቃው ወደ ቡታጅራ ተመለሰ። ይህን ስልክ የገዛው ያን ጊዜ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ ይተርተዋል፤ ከማሉ ግን ሥራ ላይ አዋለው። ፈቲሀም ያኔ አልፈረደችበትም።

ጠቡ የመረረው ከወንድሙ ጋር ነው። ታላቁ ዑመይር ከከተማው ወጣ ብሎ በመስቃን ገጠር፣ በአባታቸው ቤት፣ እንሰቱን እየተንከባከበ አልጋ ላይ የዋሉትን አባታቸውን ያስታምማል። ከማሉ በየጁምዓው በቪዲዮ ይደውላል። አዛውንቱ ስልኩን ማየት ስለማይሆንላቸው፣ ስልኩን የያዘውን የዑመይርን እጅ እያዩ ከማሉን ይመርቃሉ። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም። ፈቲሀ «ሂድና እያቸው» ስትለው፣ «ሱቁን ማን ይጠብቅልኛል? ደግሞስ በየሳምንቱ አያቸው የለም እንዴ» ይላል።

አንድ ቀን ከማሉ ደውሎ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዴት እንደሚታጠብና እንዴት እንደሚገላበጥ ከስልኩ ያየውን ለዑመይር ያስረዳው ጀመር። ዑመይር ያን ዕለት አባታቸውን አጥቦ፣ ገላብጦ፣ ገና እጁን መታጠቡ ነበር። ትዕግሥቱ አለቀ። «አንተ አባትህን በስልክ የምትጠይቅ ሰው፣ ቀብሩም ላይ በስልክ ትደርሳለህ» አለው።

ክፉ ቃል ነው። ከክፋቱም የባሰው እውነትነቱ ነው። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለውን ቃል የሰማ ሰው ጥቂት ቀን ይንገበገባል፣ እህል ይበላበታል፣ እንቅልፍ ይተኛበታል፣ በዓመቱ «ምን ነበር ያለኝ?» ይላል። መርሳት የድሃ መድኃኒት ነበር። ከማሉ ግን ቀድቶታል። ለፀጉር አስተካካዩ አሰማው፣ ጫት ለሚቅሙት አሰማው፣ አምፖል ሊገዙ ለመጡት አሰማው። ቃሉ አንድ ቀን እንኳ ሳያረጅ፣ እንደተነገረ ሆኖ፣ በየዕለቱ ይነገረው ጀመር።

አረፋ እየደረሰ ነበር። አዲስ አበባ ያለውም፣ ወልቂጤ ያለውም ወደ አባቱ ቤት የሚገባበት በዓል ነው። አዛውንቱ በቤታቸው ያቆሙት ሕግ አለ፤ የተኳረፉ ወንድማማቾች ከአንድ በሬ አይበሉም፣ ይቅር ሳይሉና አፉ ሳይባባሉ ደጁን አይረግጡም። ፈቲሀ ልትጠይቃቸው ስትሄድ እጇን ያዙና «ልጄ፣ ሁለቱ በአንድ በር አብረው ሲገቡ ልይ። የከርሞውን አረፋ የማየው አይመስለኝም» አሏት።

ፈቲሀ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች መጥታ ለባሏ ነገረችው።

«ቀድተሽዋል?» አላት ከማሉ።

ጀርባዋን ሰጥታው ወጣች። በቀጥታ ወደ ሐጂ ሙባሪክ ሄደች።

ሐጂ ሙባሪክ በዚያ አካባቢ ያላስታረቁት ቤት የለም። ዘዴያቸውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አይናገረውም። ወደ አንደኛው ይሄዱና «ያኛው ተጸጽቷል» ይላሉ፤ ወደዚያኛው ይሄዱና «ይሄኛው እንባው መጣ» ይላሉ። ሁለቱም አንዱ ለሌላው አዝነው ይገናኛሉ። ማን ምን አለ ተብሎ አይጠየቅም። አፉ ይባባላሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይበላል። ሁለት ሰው ለማስታረቅ የተዋሸ ውሸት እንደማይቆጠር ሐጂ ስለሚያስተምሩ፣ ሕሊናቸው ንጹሕ ነው።

«ይድረሱልኝ፣ ሐጂ» አለቻቸው።

«ኢንሻአላህ፣ ከአረፋ በፊት ያልቃል ልጄ» አሏት።

ድሮ እንዲህ ላለው ነገር ምርኩዛቸውን ይዘው በየቤቱ ይዞሩ ነበር። አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፣ የልጅ ልጃቸውም ስልክ ገዝታላቸዋለች። ለሁለቱም ወንድማማቾች ደወሉ።

ከማሉ ስልኩን ከዘጋ በኋላ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ዑመይር አለቀሰ አሉ» አላት፣ ሱቁ ውስጥ ስትጠብቀው ለነበረችው ለፈቲሀ። ፈቲሀ ያንን ፊት ካየችው ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

የተገናኙት በሐጂ ቤት ነው። ወንድማማቾቹ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ፈቲሀ ከሴቶቹ ጋር በበሩ በኩል ሆነች። ሐጂ ዱዓ አድርገው «በሉ እንግዲህ አፉ ተባባሉ» አሉ። ዑመይር እጁን ዘረጋ።

ከማሉ ያደረገውን በክፋት አላደረገውም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ልቡ ተነክቶ ነበር፣ መነካቱንም ወንድሙ እንዲያውቅለት ፈለገ። «ወንድሜ፣ ቃልህን ደጋግሜ ሰማሁት» ብሎ ስልኩን አወጣ።

የሐጂ ድምፅ ቤቱን ሞላው። «ዑመይር እፊቴ አለቀሰ። ‹ታናሼን በደልኩት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ› አለኝ።»

ዑመይር የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ። «እኔ ነኝ ያለቀስኩት? ሐጂ፣ ለእኔ የነገሩኝ እሱ አለቀሰ ብለው አይደለም እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ያን ሁሉ ሰው ያስታረቁ አዛውንት በገዛ ቤታቸው፣ በሰው ፊት፣ በገዛ ድምፃቸው ውሸታም ሆኑ። ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ» አሉት ከማሉን፣ «የነገርኩህ እንድትሰማው ነበር እንጂ እንድታስቀምጠው አልነበረም።» ምርኩዛቸውን ይዘው ከገዛ ቤታቸው ወጡ። ዑመይርም ወደ ገጠሩ ሄደ። ፈቲሀ ሌሎች ሽማግሌዎችን ለመነች፤ አንዱ ሥራ አለብኝ አለ፣ አንዱ አሞኛል አለ። ለማስታረቅ የሚዋሽ ሰው በመቅጃ ፊት አይዋሽም፤ ሳይዋሽ የሚያስታርቅ ደግሞ በቡታጅራ እስካሁን አልተገኘም።

አረፋ መጣ፣ አለፈም። ሰው ሁሉ በመኪናው እየተጫነ ወደየገጠሩ ሲገባ ከማሉ ሱቁን ከፍቶ ዋለ። በበዓል ቀን አምፖል የሚገዛ የለም። ከሰዓት በኋላ አንድ የሚኒባስ ሹፌር በፌስታል የታሰረ ሥጋ አደረሰላቸው። ከአባታቸው ቤት የተላከ ድርሻቸው ነው። ሰላምታ እንኳ አብሮት አልመጣም። ፈቲሀ ሠርታ አቀረበችው፤ ከማሉ አልቀመሰውም፣ እሷም አልወረደላትም። ስልኩም ዝም አለ። የሚቀዳ ቃል አልነበረም፣ የሚደውልለት ሰው ስላልነበረ።

በዓሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ፈቲሀ ምሳ ይዛ ወደ ሱቁ ስትገባ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የዑመይርን ድምፅ ሰማች። ደሟ ፈላ። ዛሬም ያችኑ ክፉ ቃል ያላምጣል ብላ ምሳ ዕቃውን ልትወረውርበት ደረሰች። ግን ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ። እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ? ፈቲሀስ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል አሉኝ። በርጩማ ፈልግና ቁጭ በል እንጂ።»

ከማሉ እዚህ ላይ አቆመው። ወደ መጀመሪያው መለሰው። «አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሜ።»

ንግግሩ ያው ነው፤ ያ ክፉ ቃል ከኋላው ያለበት። ለሰው ሲያሰማ ከመሃል ስለሚጀምር፣ ፈቲሀ ይህን መግቢያ ሰምታው አታውቅም ነበር። ኋላውን ለከተማው ሰጥቶ ፊቱን ለራሱ አስቀርቷል። ይህን ደረቅ፣ ይህን ነገረኛ፣ አገር የሸሸውን ሰውዬ እንደምትወደው ፈቲሀ ለራሷም ሳትነግር ኖራለች። ያን ዕለት ግን አንጀቷን በላው።

ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ዑመይር በእኔ ስልክ ደውሎ ነበር» አለችው።

ከማሉ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ምን አለ?»

«ሰላም በይልኝ አለ። ወገቡን ተሻለው ወይ አለ።»

ቀና ብሎ አያት። የፈቲሀም ስልክ ይቀዳል፤ የገዛላትም፣ ሁሉን እንዲቀዳ አድርጎ የሰጣትም እሱ ራሱ ነው። «ቀድተሽዋል?» ብሎ እጁን እስኪዘረጋ ጠበቀች።

አልዘረጋም። ከጥግ በርጩማ ሳበና ተቀመጠ። ፈቲሀ በዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ አይታው አታውቅም።

«ሌላስ ምን አለ?» አላት።

«አባ ደጅ ደጁን እያዩ ነው፣ በዓል አለፈ ብሎ እንዳይቀር፣ ይምጣ አለ» አለችው። ይህ ዓይነቱ ውሸት እንደማይቆጠር ከሐጂ ሰምታለች።